ኢሜይሉ የት ቀረ? የኢሜይል ጌትዌይ የገባውን መልእክት እንዴት እንደሚያስተናግድ፣ ደረጃ በደረጃ

"ትናንት ልኬላችኋለሁ።" "እኛ ጋ አልደረሰም።" ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ፣ ቢሮ የሠራ ሰው ይህን ክርክር ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ወገን አልዋሸም። መልእክቱ ተልኳል፣ ኢንቦክስ ውስጥ ግን የለም። መሃል ላይ ያስቀረው አለ። ያ መሃል ላይ ያለው ጌትዌይ ይባላል።

ጌትዌይ በኢንተርኔቱና በቢሮው የመልእክት ሳጥኖች መካከል የሚቆም ሰርቨር ነው። ከውጭ የመጣ ኢሜይል ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል። ይፈትሻል፣ ይወስናል፣ ከዚያ ያስገባል ወይም ይመልሳል። ኢሜይላችሁ ጎግል ወይም ማይክሮሶፍት ላይ ቢሆንም ጌትዌይ አላችሁ። እነሱ ቤት ውስጥ ስለሆነ አታዩትም እንጂ ሥራው ያው ነው።

የራሳችሁን ለመትከል ካሰባችሁ በነጻ የሚገኙ መሣሪያዎች አሉ። መልእክት የሚቀበለው ፖስትፊክስ፣ ስፓም (ያልተጠየቀ የጅምላ መልእክት) የሚያጣራው አርስፓምዲ፣ ቫይረስ የሚፈልገው ክላምኤቪ። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በብዛት የእነሱ ናቸው። ሌላ ምርት ብትገዙም ቅደም ተከተሉ ብዙም አይለይም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙልኝ። ጌትዌይ "አልቀበልም" ማለት ያለበት ላኪው ገና መስመር ላይ እያለ ነው። ተቀብሎ ካበቃ በኋላ መጣል ወይም መመለስ የብዙ ጣጣ ምንጭ ነው። ለምን እንደሆነ እየሄድን እናየዋለን።

ለምሳሌ ያህል ቸርችል ጎዳና አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት አለ እንበል። የራሱ ዶሜን፣ ማለትም በኢሜይል አድራሻው ላይ ከ@ ቀጥሎ የሚጻፍ ስም፣ አለው። ቻይና፣ ጓንዡ ካለ አቅራቢው ፕሮፎርማ ይጠብቃል። ያንን አንድ ኢሜይል እንከተለው።

1. ገና ሳይመጣ፦ አድራሻውን ማስተካከል

አቅራቢው "ላክ" ሲል የእሱ ሰርቨር መጀመሪያ ዲኤንኤስን፣ ማለትም የኢንተርኔቱን የስምና የአድራሻ መዝገብ፣ ይጠይቃል። የዚህን ዶሜን ኢሜይል የሚቀበለው ማነው? መልሱ ኤምኤክስ ሬከርድ ነው። ውስጡ የሰርቨር ስምና አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል፤ 10 ያለው ከ20 በፊት ይሞከራል።

የዶሜናችሁን ማስተዳደሪያ ክፈቱና ኤምኤክሱ ወደ ጌትዌዩ ስም እንዲያመለክት አድርጉ። አይፒ አድራሻ፣ ማለትም የሰርቨሩ ቁጥር፣ በቀጥታ አይጻፍበትም፤ ስም ነው የሚጻፈው። ያ ስም ደግሞ በሲኔም ወደ ሌላ ስም የሚዞር መሆን የለበትም።

"መብራት ቢጠፋስ? ኢንተርኔት ቢቋረጥስ?" ይህ ጥያቄ እኛ አገር ሁልጊዜ ይነሳል። ኢሜይል ለዚህ ተብሎ የተሠራ ያህል ትዕግሥተኛ ነው። የእናንተ ሰርቨር ካልተገኘ የላኪው ሰርቨር መልእክቱን ወረፋ ላይ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክራል። ፖስትፊክስ ካልነካችሁት 5 ቀን ድረስ ይሞክራል። ስለዚህ የግማሽ ቀን መብራት መጥፋት ኢሜይል ያዘገያል እንጂ አያጠፋም።

በዚህ ምክንያት ለትንሽ ቢሮ ሁለተኛ ኤምኤክስ አልመክርም። ስፓም ላኪዎች ሆን ብለው ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን፣ ማለትም ተጠባባቂውን ሰርቨር ይመርጣሉ። ጥበቃው ላላ እንደሚል ያውቃሉ። ተጠባባቂ ካስፈለጋችሁ እንደ ዋናው እኩል መታጠቅ አለበት፤ ማጣሪያውም፣ የሠራተኞች አድራሻ ዝርዝሩም።

እዚሁ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ጌትዌዩን ተክላችሁ ከጀርባ ያለው የመልእክት ሳጥን ሰርቨር ለማንም ክፍት ከሆነ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። አጥቂው ኤምኤክሱን ትቶ በቀጥታ ወደ ጓሮ ይገባል። የጀርባውን ሰርቨር ከጌትዌዩ አይፒ ውጪ ከማንም ኢሜይል እንዳይቀበል አድርጋችሁ ቆልፉት።

2. ፖርት 25 ላይ፦ ማነህ?

የጓንዡ ሰርቨር አሁን ኢሜይል በሚገባበት በር፣ በፖርት 25፣ ይገናኛል። ገና አንድ ቃል ሳይናገር ጌትዌዩ አንድ ነገር ያውቃል፤ አይፒ አድራሻውን። ርካሽ ፍተሻዎች በሙሉ እዚህ ነው የሚሠሩት። ቫይረስ መፈተሽ የሰርቨሩን ጉልበት ይበላል፤ አይፒ መጠየቅ ግን ከቁብ አይቆጠርም። ስለዚህ ርካሹ ይቅደም።

አንዱ ፍተሻ አይፒው ስም አለው ወይ የሚለው ነው። ፒቲአር የሚባል ሬከርድ አለ፤ ከአይፒ ተነስቶ ስም ይሰጣል። ደህና የኢሜይል ሰርቨር ስም አለው፣ ስሙም ተመልሶ ወደዚያው አይፒ ያመራል። ምንም ስም የሌለውን ማገድ ትችላላችሁ። እኔ ግን የጥርጣሬ ነጥብ ብቻ እንዲጨመርበት አደርጋለሁ። ፒቲአሩን ሳያስተካክል ሰርቨር የተከለ ሐቀኛ ደንበኛ አይጠፋምና።

ሌላው የጥቁር መዝገብ ፍተሻ ነው። በጣም የሚታወቀው ስፓምሃውስ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የላኪው አይፒ 203.0.113.7 ቢሆን ጌትዌዩ ቁጥሩን ገልብጦ 7.113.0.203 ያደርገውና ከመዝገቡ ስም ጋር አያይዞ ዲኤንኤስን ይጠይቃል። "እንዲህ ያለ ስም የለም" ከተባለ አይፒው አልተመዘገበም። እንደ 127.0.0.2 ያለ መልስ ከመጣ ተመዝግቧል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ወጥመድ አለ። ጌትዌያችሁ ዲኤንኤስ የሚጠይቀው እንደ 8.8.8.8 ባለ የሕዝብ ሰርቨር በኩል ከሆነ ስፓምሃውስ ጥያቄውን አይቀበልም። 127.255.255.254 ብሎ ይመልሳል። ይህ "ተመዝግቧል" ማለት አይደለም፤ "በዚህ በኩል አትጠይቀኝ" ማለት ነው። ጌትዌዩ የመጣለትን መልስ ሁሉ እንደ ጥፋት ከቆጠረው የዓለም ኢሜይል በሙሉ ይታገዳል። መፍትሔው ጌትዌዩ ላይ የራሱን ዲኤንኤስ ጠያቂ መትከል ነው። አንባውንድ የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። በዚያ ላይ መልሱ በትክክል 127.0.0 ተብሎ ሲጀምር ብቻ እንዲያግድ አዘጋጁት።

3. ንግግሩ

አይፒው ካለፈ ሁለቱ ሰርቨሮች ማውራት ይጀምራሉ። የሚያወሩበት ሕግ ኤስኤምቲፒ ይባላል። መጀመሪያ የወጣው በ1982 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ መሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም። ወደ አማርኛ ብንመልሰው እንዲህ ይመስላል፦

ጌትዌይ፦ 220፤ ዝግጁ ነኝ።
ላኪ፦ እኔ እገሌ የሚባል ሰርቨር ነኝ።
ጌትዌይ፦ 250፤ እሺ። መስመሩን መመስጠር እችላለሁ፤ የምቀበለው መጠንም ይህን ያህል ነው።
ላኪ፦ መልእክቱ ከሽያጭ ክፍላችን አድራሻ ነው።
ጌትዌይ፦ 250፤ እሺ።
ላኪ፦ የሚደርሰው ለፋይናንስ ክፍላችሁ አድራሻ ነው።
ጌትዌይ፦ 250፤ እሺ።
ላኪ፦ ይዘቱን ልጀምር።
ጌትዌይ፦ 354፤ ቀጥል። ስትጨርስ ነጥብ ብቻዋን በአንድ መስመር ጻፍ።
ላኪ፦ (ሙሉው ኢሜይል ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ)
ጌትዌይ፦ 250፤ ተቀብያለሁ።

የቁጥሮቹን የመጀመሪያ አሃዝ ያዙ። 2 ከሆነ እሺ ነው። 4 ከሆነ አሁን አልችልም፣ ቆይተህ ሞክር። 5 ከሆነ በቃ፣ አይሆንም። ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ስታነቡ ግማሹ ሥራ ይህን ማወቅ ነው።

በንግግሩ ውስጥ የተሰጡት ሁለት አድራሻዎች የፖስታው አድራሻ ናቸው። ፖስታው ላይ የተጻፈው ስምና ውስጥ ያለው ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ስም ላይገጥም እንደሚችል ሁሉ እዚህም እንደዚያው ነው። ሠራተኛው ስክሪን ላይ የሚያየው "ከእገሌ" የሚለው ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ነው። ፖስታውን አያየውም። አብዛኛው ማጭበርበር የሚያድገው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

አሁን ዋናው ቁም ነገር። ላኪው "የሚደርሰው ለእገሌ ነው" ሲል ጌትዌዩ እገሌ የሚባል ሰው እንዳለ ማወቅ አለበት። ከሌለ እዚያው 550 ይላል። የላኪው ሰርቨር ራሱ ለላኪው "እንዲህ ያለ አድራሻ የለም" ብሎ ይነግረዋል። ንጹሕ ነው።

ጌትዌዩ የሠራተኞች ዝርዝር ከሌለው ግን ሁሉንም ይቀበላል። ከዚያ የጀርባው ሰርቨር "ይህን ሰው አላውቀውም" ሲለው መልእክቱን ለላኪው ሊመልስ ይሞክራል። ስፓም ከሆነ ደግሞ የላኪው አድራሻ የተሰረቀ የሌላ ምስኪን ሰው አድራሻ ነው። እናንተ ሳታውቁት የማያውቃችሁን ሰው በመልስ ኢሜይል ታጥለቀልቁታላችሁ። ብዙም ሳይቆይ የእናንተ አይፒ ራሱ ጥቁር መዝገብ ይገባል። ስለዚህ የአድራሻ ዝርዝሩን ከጀርባው ሰርቨር ጋር አገናኙት። ሠራተኛ ሲቀጠርና ሲለቅ በራሱ እንዲታደስ አድርጉ። በእጅ የሚታደስ ዝርዝር ሁለት ወር አይቆይም።

ጌትዌዩ ከውጭ መጥቶ ወደ ሌላ ውጭ የሚሄድ ኢሜይል ማስተላለፍ የለበትም። ፖስትፊክስ እንዳለ ከተውነው ይህን ይከለክላል። ከቢሮው ውጪ ባለ ኔትወርክ፣ ለምሳሌ በሞባይል ዳታ፣ ሞክሩትና እርግጠኛ ሁኑ።

ግሬይሊስቲንግ የሚባል ዘዴም አለ። የማያውቀውን ላኪ "451፣ ቆይተህ ሞክር" ይለዋል። እውነተኛ ሰርቨር ተመልሶ ይሞክራል፣ ርካሽ የስፓም ፕሮግራም ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። እኔ ለሁሉም ላኪ ማብራቱን አልወደውም። ሠራተኛው የማረጋገጫ ኮድ እየጠበቀ ኮዱ አሥር ደቂቃ ዘግይቶ፣ ጊዜው አልፎበት ይደርሳል። ያኔ "ሲስተም የለም" የሚለው ወሬ ቢሮውን ይሞላዋል። አጠራጣሪ ነጥብ ያገኙት ላይ ብቻ አብሩት።

4. እውነት እሱ ነው? ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ

ሦስቱ ስሞች አብረው ይጠራሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

ኤስፒኤፍ ፖስታውን ያያል። የዶሜኑ ባለቤት "በእኔ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ አይፒዎች ናቸው" ብሎ ዲኤንኤስ ላይ ያውጃል። ጌትዌዩ የመጣውን አይፒ ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል። ድክመቱ፣ ኢሜይሉ በሌላ ሰርቨር በኩል ዞሮ ሲመጣ መውደቁ ነው። አይፒው ተቀይሯላ! ሌላም አለ፤ አንድ ኤስፒኤፍ ሲፈተሽ ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ ካስፈለገው እንደ ስህተት ይቆጠራል። የብዙ አገልግሎት ሰጪዎችን ዝርዝር የደራረበ ድርጅት ሳያውቀው ይህን ገደብ ያልፋል።

ዲኪም ደብዳቤውን ያያል። የላኪው ሰርቨር በምስጢር ቁልፉ ይፈርማል፤ መክፈቻው ለማንም እንዲታይ ዲኤንኤስ ላይ ተቀምጧል። መንገድ ላይ ይዘቱ ከተነካ ፊርማው አይሰራም። አይፒ ቢቀየር ግን ግድ የለውም። ለዚህ ነው ዞሮ የመጣን ኢሜይል ዲኪም የሚያድነው።

ዲማርክ ሁለቱን ሠራተኛው ከሚያየው ስም ጋር ያገናኛል። ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ማለፉ ብቻውን አይበቃም፤ ያለፈው ዶሜን ስክሪን ላይ ከሚታየው ዶሜን ጋር መግጠም አለበት። አጭበርባሪ ለራሱ ዶሜን የተሟላ ኤስፒኤፍ ማዘጋጀት ይችላል። ፖስታው ላይ የራሱን ዶሜን፣ ደብዳቤው ላይ የዕቃ አቅራቢያችሁን ዶሜን ቢጽፍ ኤስፒኤፍ ያልፋል፣ ዲማርክ ግን ይይዘዋል። ካልገጠመ ምን ይደረግ የሚለውን ደግሞ የዶሜኑ ባለቤት ራሱ ይወስናል፤ ምንም አታድርጉ፣ ለዩት፣ ወይም መልሱት።

ጌትዌዩ ላይ እንዲህ አዘጋጁት። ኤስፒኤፍ ብቻውን ስለወደቀ አትመልሱ፤ ነጥብ ጨምሩበት። ዲማርክ ወድቆ ባለቤቱ "መልሱት" ካለ ግን በ550 መልሱት፤ ቃሉን አክብሩለት። ምንም ሬከርድ የሌለውን ዶሜን አታግዱ። ጎግልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በጅምላ የሚልክላቸውን ሁሉ፣ ጎግል ጋ በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ማለት ነው፣ ሦስቱንም እንዲያሟላ አስገድደዋል። ትንንሽ ድርጅቶች ጋ ግን ዛሬም ባዶ ዶሜን ይገጥማችኋል። ካገዳችሁት የምትጎዱት ደንበኛ ነው።

ሦስቱም የማይዙት ሌባ አለ። ፊደል ቀይሮ የሚመጣው። "አር" እና "ኤን" የሚባሉት የላቲን ፊደላት ጎን ለጎን ሲቆሙ "ኤም" ይመስላሉ። አጭበርባሪው እንዲህ ያለ ዶሜን ገዝቶ ሦስቱንም በሕጉ ያዘጋጃል። ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል። ሌላው ደግሞ በተራ የጂሜይል አድራሻ ላይ የሥራ አስኪያጁን ስም ብቻ ለጥፎ "በአስቸኳይ ክፈሉ" ይላል። ስልክ ላይ የሚታየው ስሙ ብቻ ነው፤ አድራሻው ተደብቋል።

ለእነዚህ የራሳችሁን ሕግ መጻፍ አለባችሁ። የአለቆቻችሁ ስም ከውጭ አድራሻ ጋር ሲመጣ ምልክት ይደረግበት። ስሙን በአማርኛም በላቲንም፣ በሚጻፍበት መንገድ ሁሉ አስገቡ። ከዋና አቅራቢዎቻችሁ ዶሜን በአንድ ወይም በሁለት ፊደል የሚለይ ዶሜን ሲመጣም እንደዚያው። መልስ የሚሄድበት አድራሻ ከላኪው አድራሻ ከተለየ ነጥብ ይጨመር።

የባሰው ግን የአቅራቢው የራሱ ሳጥን ሲሰበር ነው። ኢሜይሉ ከእውነተኛው አድራሻ፣ በእውነተኛው ሰርቨር፣ የቆየው ወሬ ላይ ተቀጥሎ ይመጣል። "የባንክ ሂሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል፣ አዲሱ ፕሮፎርማ ተያይዟል" ይላል። ይህን ጌትዌይ አይለየውም። ለፋይናንስ ክፍሉ አንድ ሕግ አውጡለት፤ የሂሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ አይፈጸምም። ከዚህ በፊት በምታውቁት ስልክ ይደወላል። ኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም።

5. ውስጡን ማየት

ይዘቱ ሲገባ አርስፓምዲ ነጥብ ይደምራል። ጥሩ ምልክት ይቀንሳል፣ መጥፎ ምልክት ይጨምራል። እንዳለ ከተዋችሁት 4 ሲደርስ ያዘገያል፣ 6 ሲደርስ ምልክት ያደርጋል፣ 15 ሲደርስ ይመልሳል። ለመጀመር ጥሩ ቁጥሮች ናቸው፤ አትነካኩዋቸው።

አማርኛ እዚህ ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ኢሜይል ሲጀመር የታሰበው ለላቲን ፊደል ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር የፊደል አቀማመጥ ሦስት ባይት ይይዛል። በርዕስ መስመር ላይ ሲጓዝ ብዙውን ጊዜ ቤዝ64 በሚባለው መንገድ ይቀየርና እያንዳንዱ ፊደል አራት የላቲን ምልክት ይሆናል። "ሰላም" የሚለው ሦስት ፊደል አሥራ ሁለት ምልክት ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ በጥሬው መስመር ላይ የአማርኛ ቃል የሚፈልግ ሕግ ብትጽፉ ምንም አያገኝም። ሕጉ የሚሠራው በተፈታው ጽሑፍ ላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ከዚያ ደግሞ ሆሄያቱ አሉ። "ሂሳብ" ብላችሁ የጻፋችሁት ሕግ "ሒሳብ" የሚለውን ያሳልፈዋል። "ሥራ" እና "ስራ"ም እንደዚያው። ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን ማጣሪያውን ማስተማር ነው። አርስፓምዲ ጥሩና መጥፎ ኢሜይል እያየ ይማራል፤ ከሁለቱም ወገን እንዳለ ቢያንስ 200፣ 200 ያህል ካላየ መፍረድ አይጀምርም። የቢሮውን መደበኛ የአማርኛ ደብዳቤዎች በጥሩው ወገን አስተምሩት። በእንግሊዝኛ ብቻ የተማረ ማጣሪያ አማርኛውን እንደ እንግዳ ያየዋል።

አባሪ ፋይሎች ላይ ጠበቅ በሉ። የፋይሉን ዓይነት ከስሙ ሳይሆን ከውስጡ ይለይ። ስሙ "ፕሮፎርማ ፒዲኤፍ" የሚል፣ መጨረሻው ግን የሚነሳ ፕሮግራም የሆነ ፋይል የቆየ ዘዴ ነው፤ ዛሬም ሰው ይበላል። የሚነሱ ፋይሎችን፣ የዲስክ ምስል ፋይሎችንና ስክሪፕቶችን በጅምላ አግዱ። በአባሪ ፕሮግራም የሚልክላችሁ ሐቀኛ ሰው የለም። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ዚፕ ግን ያስቸግራል። ክላምኤቪ ውስጡን ማየት አይችልም፣ ነገር ግን የሂሳብ መግለጫ ቆልፎ የሚልክ አለ። እነዚህን ለይታችሁ አቆዩ፤ በጅምላ አትመልሱ።

የክላምኤቪ የቫይረስ መዝገብ በየቀኑ መታደሱን ተመልከቱ። ኢንተርኔቱ ደከም ሲል ማደሱ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ማንም አያስተውልም።

መጠን። ይህ ቢሮ ውስጥ ከሁሉም በላይ "አልደረሰም" የሚያስብለው ነው። ፖስትፊክስ ካልነካችሁት እስከ 10,240,000 ባይት ብቻ ይቀበላል፣ ወደ 10 ሜጋባይት መሆኑ ነው። አባሪ ደግሞ በቤዝ64 ሲቀየር በሲሶ ገደማ ያብጣል። ማህተም ያለበትን ደብዳቤ "ማህተሙ በደንብ ይታይ" ተብሎ በሙሉ ቀለም ስካን ሲደረግ 8 ሜጋባይት ይሆናል። ሰው 8 ከ10 ያንሳል ብሎ ይልካል። መንገድ ላይ ከ10 በላይ ሆኖ 552 ይመለስበታል። ገደቡን ወደ 25 ወይም 30 ሜጋባይት ከፍ አድርጉት፤ ከጀርባ ያለው ሰርቨርም ያንኑ ያህል መቀበሉን አረጋግጡ። ጌትዌዩ ተቀብሎ የጀርባው እምቢ ካለ ተመልሰን መመለስ ውስጥ ገባን ማለት ነው።

6. ፍርዱ

ያቺ የመጨረሻዋ ነጥብ ከተላከች በኋላ ላኪው መልስ እየጠበቀ ነው። ጌትዌዩ ሁሉንም ፍተሻ እዚህ ላይ ጨርሶ መወሰን አለበት። ፖስትፊክስ ላይ አርስፓምዲን ሚልተር በሚባለው መንገድ ካገናኛችሁት ይህ ይሆናል፤ ፍርዱ መስመሩ ሳይዘጋ ይሰጣል። ወረፋ ከገባ በኋላ በሚፈትሽ መንገድ ካገናኛችሁት ግን 250 አስቀድሞ ተብሏል። ኃላፊነቱ የእናንተ ሆኗል። ሚልተሩን ምረጡ።

ዝም ብሎ መጣል የሚባል አማራጭ አለ፤ 250 ብሎ መልእክቱን ወደ ቅርጫት። አትጠቀሙበት። ላኪው ደርሷል ብሎ ያስባል፣ ተቀባዩ አላየውም፣ ማንም ምንም አያውቅም። ጨረታ ያለፈበት ቢሮ ይህን ይቅር አይልም።

ኳራንቲን፣ ማለትም ለይቶ ማቆየት፣ ለመሃለኛው ነው። ችግሩ ማንም አያየውም። ስለዚህ በየጠዋቱ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ "ይህን ይህን አቆይተንብሃል" የሚል አጭር ዝርዝር ይላክ። ተራ ስፓም የመሰለውን ራሱ ማውጣት ይችላል። በቫይረስ ወይም በአባሪ ምክንያት የቆየውን ግን አይቲ ብቻ ያውጣው። ፋይናንስ "ቸኩያለሁ" ስላለ አይከፈትም።

7. ማስረከብና ሎግ ማንበብ

ያለፈው መልእክት ወደ ጀርባው ሰርቨር ይሄዳል። ጌትዌዩ ከላዩ ላይ ሁለት ነገር ይጽፍበታል። አንደኛው መቼና ከየት እንደተቀበለው፣ ሁለተኛው ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ምን እንደሆኑ። በእናንተ ጌትዌይ ስም የተጻፈ ሐሰተኛ የፍተሻ ውጤት ከውጭ ይዞ የሚመጣ መልእክት አለና፣ ጌትዌዩ የራሱን ከመጻፉ በፊት እንዲህ ያለውን እንዲያጠፋ አድርጉ።

እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ማህተም ከላይ ይጨምራል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ይነበባል፤ የታችኛው መነሻው ነው። መዘግየቱ የት እንደሆነ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ሰዓት ይነግራችኋል።

ሰዓቱ ግን ያምታታል። ጌትዌዩ 14:20 ፕላስ 0300 ብሎ ከጻፈ በእኛ ከቀኑ 8፡20 ነው። ሎጉ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከሆነ ያው ቅጽበት 11:20 ነው። አቅራቢው ጓንዡ ላይ ሰዓቱን 19:20 ነው የሚያየው። ጸሐፊዋ "ስምንት ሰዓት ላይ ልኮ ነበር" ስትላችሁ 8:00 ላይ ብትፈልጉ ምንም አታገኙም። መጀመሪያ የማንን ሰዓት እንደምታወሩ ተግባቡ፤ ሰርቨሩን ደግሞ ሰዓት በራሱ እንዲያስተካክል አድርጉ።

"አልደረሰም" ሲባል ሎጉ ውስጥ የላኪውን አድራሻ ፈልጉ። ከተገኘ የወረፋ ቁጥሩን ይዛችሁ በዚያ ቁጥር እንደገና ፈልጉ፤ የመልእክቱ ታሪክ በሙሉ ይወጣል። ተልኳል ካለ የጀርባው ሰርቨር ተቀብሎታል፤ ሠራተኛው ስፓም ማህደሩን ይይ። ተዘግይቷል ካለ የጀርባው ሰርቨር አልተገኘም ወይም ለጊዜው አልተቀበለም። ተመልሷል ካለ ቁጥሩ ከነምክንያቱ አጠገቡ ተጽፏል። ምንም ከሌለ ላኪው እናንተ ጋ ጨርሶ አልደረሰም። የተመለሰለትን ስህተት ኮፒ አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ በቴሌግራምም ቢሆን።

8. ስታስጀምሩት

መጀመሪያ ለአንድ ሁለት ሳምንት ነጥብ ብቻ ይደምር፣ ምንም አይመልስ፣ ምልክት ብቻ ያድርግ። በየቀኑ ከ6 በላይ ያገኙትን እያያችሁ ሐቀኞቹን ለዩ፣ ማጣሪያውን አስተምሩ። የጉምሩክ አስተላላፊያችሁ፣ ባንካችሁና ዋና አቅራቢዎቻችሁ ተሳስተው አለመያዛቸውን በስም አረጋግጡ። የሚፈቀዱ ላኪዎችን ስትመዘግቡ ዲማርክ ካለፈ ብቻ በሚል ሁኔታ ይሁን፤ ያለዚያ ስማቸውን የሰረቀ ሁሉ ይገባል።

ከዚያ ፈትኑት። ለቫይረስ መፈተሻ ተብሎ የተሠራ ኢካር የሚባል፣ ጉዳት የሌለው 68 ባይት ጽሑፍ አለ። ለስፓም ደግሞ ጂቲዩብ የሚባል አለ። ሁለቱንም ከውጭ አድራሻ ላኩና ሁለቱም መያዛቸውን እዩ። የሌለ ሠራተኛ አድራሻ ላይ ላኩ፤ 550 መምጣት አለበት። ማህተም ያለበት ትልቅ ስካን ላኩ። የጀርባውን ሰርቨር ለአሥር ደቂቃ አጥፉና አንድ ኢሜይል ላኩ፤ ስታበሩት ከወረፋው ወጥቶ መድረስ አለበት። ይህ ሁሉ ካለፈ መመለሱን አብሩት። የምታበሩት ግን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሁን፤ ዓርብ ማታ አይሁን።